አጥንት መቁጠሩ ይቅር፤ ዕዳው ይቆጠር

የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ስም በተነሳ ቁጥር ክርክሩ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ይነሳና «ባንዳ» ይላቸዋል። ሌላው «የጎጃም ኩራት» ይላቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን በአንድ ቃል የዘጋው ይመስለዋል፦ «ምን ይደረግ፣ ዲቃላ አይደሉ!»

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የአጥንት ቆጠራ ብቻ ነው። እናታቸው ማን ነበሩ? የንጉሡ የቃል ኪዳን ሚስት ልጅ የትኛው ነበር? ዙፋኑስ ለማን ይገባ ነበር? ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለ የተማረ ሰው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንዲት ሴት በየትኛው በር ወደ መስፍኑ እልፍኝ እንደገባች ሲከራከር ይውላል።

ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የንጉሡን ግብዣ፣ የንጉሡን ጦርነት፣ የንጉሡን ልጅ የአዲስ አበባ ሀብት ማን ከፈለው?

በጎጃም ታሪክ ውስጥ አባቱ የካደው እውነተኛ ዲቃላ አለ። እሱም ልጅ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ቤተ መንግሥት ልጁን በፈለገው ቀን አምኖ ተቀብሏል፣ ማዕረግ ሰጥቷል፣ አገር ሹሟል። ዕዳውን ግን አንድም ቀን «የእኔ ነው» ብሎ አያውቅም። ዕዳው የተጸነሰው በእልፍኝ ነው፤ ያደገው ግን በገበሬው ጓሮ፣ የበላውም ከገበሬው ጎተራ ነው።

▪️ ዲቃላነት የሚታጠብበት ውኃ

በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ዘውድ ጭነው «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወካፋ» ተባሉ። በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ አፄ ምኒልክ ግዛታቸውን ከፋፈሉት፤ ዳሞትም ከሸዋ ለመጡት ለራስ መንገሻ አቲከም ተሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከቃል ኪዳን ውጭ የተወለዱት፣ በልጅነት ስማቸው ስዩም የሚባሉት የንጉሡ ልጅ፣ «ራስ ኃይሉ» ተብለው የአባታቸውን አገር ተረከቡ። እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስም ገዙ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሹመቱ ሲመጣ የእናታቸውን ነገር ያነሳ የት ነበር? የሾማቸው ዘውድ ዲቃላነታቸውን አያውቅም ነበር? ያውቅ ነበር። አስፈላጊ በሆኑበት ቀን ግን ዲቃላነት ታጥቦ የሚሄድ አቧራ ሆነ።

ይህ የጎጃም ብቻ ወግ አይደለም። አፄ ዮሐንስ ዙፋን ይወርሳል ያሉት ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞተባቸው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው በሞት አፋፍ ሳሉ፣ እስከዚያ ቀን የወንድማቸው ልጅ ሲባል የኖረውን መንገሻን «ልጄ ነው» ብለው ለመኳንንቱ አስታወቁ። ለዓመታት የተሸሸገ አባትነት በአንድ ቀን ተገለጠ፤ ምክንያቱም ወራሽ ጠፍቶ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱም የአፄ ምኒልክ የቃል ኪዳን ሚስት ልጅ አልነበሩም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ ግን መኳንንቱ ንግሥተ ነገሥታት አላቸው፤ የእናታቸው ጋብቻ ለዘውዱ እንቅፋት አልሆነም።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። በቤተ መንግሥት «ዲቃላ» ማለት ያልተፈለገ ልጅ ማለት ነው። የተፈለገ ቀን ልዑል ነው፣ ያልተፈለገ ቀን ዲቃላ። ቃሉ የደም ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ይህንን ቃል ይዞ ታሪክ እመረምራለሁ የሚል ሰው ሳያውቀው የጥንቱን ቤተ መንግሥት ሥራ እየሠራ ነው፤ የማይፈልገውን ሰው በእናቱ በኩል መምታት።

ምቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያርፈው በሴቲቱ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስን ያልወደዱ መሳፍንት የሰደቧቸው በእናታቸው ነበር፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ። መስፍኑ ከስንት ሴት እንደወለደ ሲቆጠር «ወንድነት» ይባላል። ሴቲቱ ግን ስሟ የሚጠራው ለስድብ ሲፈለግ ብቻ ነው።

▪️ የዳሞት ገበሬ የተሻለ ሕግ ነበረው

የሚገርመው ነገር፣ መኳንንቱ በእናት ሲሰዳደቡ የዳሞት ገበሬ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ነበረው። የርስት ሥርዓት።

በርስት አገር መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚ አባት በመወለድ ነው። ትውልዱ በአባት በኩልም በእናት በኩልም ይቆጠራል። ወንድም ሴትም ይጠይቃል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም አባቱ ከታወቀ የርስት ድርሻውን አይነፈግም። ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ «እናትህ በቁርባን ነበረች ወይ?» ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። አባቱ ከታወቀ ልጁ ልጅ ነው፣ ያለበትም ድርሻ ድርሻ ነው። የሰፈር ስድብ አይጠፋም፤ መሬቱን ግን ስድብ አያስቀርም።

ይህ ሕግ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል። የወለደ ሰው ይጠራ፣ የወለደውን ይወቅ፣ ድርሻውን ይስጥ። ልጁ በአባቱ ጥፋት አይቀጣ። የገበሬው ሽማግሌ በሾላ ጥላ ሥር የሚፈርደው ይህ ፍርድ ለነገሥታት ዕዳ ቢሠራ ኖሮ የጎጃም ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። የዕዳው አባት ተጠርቶ «ይህ ያንተ ነው» በተባለ ነበር።

ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተባለ። ሰማዩ አልታረሰም፤ ንጉሡም አልተከሰሰም። የታረሰው የገበሬው መሬት ነው፤ የተከሰሰውም ገበሬው።

▪️ ሂሳቡ ከግሽ ይጀምር

በ1763 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነስቶ የዓባይን ምንጭ ሊያይ ወደ ሰከላ መጣ። ራሱ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ከመምጣቱ በፊት የጎንደሩ ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር ከነምንጩ በስጦታ ሰጥተውት ነበር። (እኚህ የጎንደሩ ናቸው፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡ ሞክሼያቸው ናቸው።) ብሩስ ቤተ መንግሥቱን አገልግሏል፤ ንጉሡም ውለታ ነበረባቸው። ውለታቸውን የከፈሉት ግን ከሳጥናቸው ወርቅ አውጥተው አይደለም። ከመንደሩ አንድም ሰው ሳይጠየቅ ግሽን ሰጥተው ነው።

ብሩስ ምንጩን አይቶ ደስ ብሎት ሄደ፤ ግሽም ባለበት ቀረ። ነገሩ እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል። የቤተ መንግሥትን የሂሳብ አያያዝ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም። ውለታው የንጉሥ ነው፤ መክፈያው የሌላ ሰው መንደር ነው። ለግብሩ ማር የሚቆርጠው የአገው ገበሬ፣ ማሩ የማንን ውለታ እንደሚከፍል የነገረው አልነበረም።

ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። በአማርኛ ገበሬው ለጌታው የሚሰጠው «ግብር» ይባላል። ጌታው ሠራዊቱን ሰብስቦ ጥሬ ሥጋና ጠጅ የሚያበላበት ድግስም «ግብር» ይባላል። ገበሬው ግብር ይከፍላል፤ ጌታው ግብር ያበላል። አንድ ቃል ነው፣ አንድ እህል ነው፣ አንድ በሬ ነው። በመካከል የተለወጠው የአመስጋኙና የተመስጋኙ ቦታ ብቻ ነው። በሬው ከቡሬ ገጠር ሲነዳ የገበሬው ዕዳ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ሲደርስ የንጉሡ ቸርነት ሆነ። ዘፋኙም አዝማሪውም ያወደሰው ያበላውን ነው፤ ያረባውን አይደለም።

▪️ በዱቤ የተሰጠ ዘውድ

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘውድ ላይ የተጻፈውን ስም ልብ ይሏል፦ «ጎጃም ወካፋ»። ጎጃም በእጃቸው ነበር። ካፋ ግን በእጃቸው አልነበረም፤ ከዓባይ ማዶ ሄደው በጦር የሚወስዱት አገር ነበር። አፄ ዮሐንስ የሰጧቸው ዘውድ ግማሹ በዱቤ ነበር ማለት ነው። ዱቤው የሚከፈለው ደግሞ ያንኑ የደቡብ ምዕራብ ንግድና ግብር ከሚመኙት ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በመዋጋት ነው።

ሂሳቡ የመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃምና የሸዋ ጦር ተጋጠመ። የጎጃም ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። በኋላም በአፄ ዮሐንስ ጣልቃ ገብነት ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ። ንጉሥ ተማርኮ ይመለሳል። እምባቦ የወደቀው የጎጃም ገበሬ ግን ከዚያ ሜዳ የሚመልሰው አማላጅ አልነበረውም።

ከዚህ የከፋው ገና ይመጣል። በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሣር ውኃ ላይ በመሐዲስቶች ጦር ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ቀጥሎ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሆነው በአፄ ዮሐንስ ላይ አደሙ። ሁለት ንጉሦች ተማምለው ሦስተኛውን ሊጥሉ ነበር። አፄ ዮሐንስ ይህንን ሲሰሙ በ1881 ዓ.ም. መባቻ ጎጃም ገቡ፤ አገሩንም አጠፉት። ከብቱ ተነዳ፣ እህሉ ተበላ፣ ቤቱ ተቃጠለ። ሐሳቡ የተመከረው በንጉሦች መካከል ነው፤ የተከፈለው በገበሬ ቤት ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ የሆነው የከብት እልቂቱና ረሃቡ፣ አያቶች «ክፉ ቀን» ያሉት ዘመን፣ አገሩን በያዘ ጊዜ ነው።

አፄ ዮሐንስ ራሳቸው ጥፋቱ ከብዷቸው እንደነበር ተጽፏል። በእሳቸው ኃጢአት ይሁን በገበሬው ኃጢአት እንደሆነ እንደማያውቁ ጽፈዋል። ይህ ቃል ጸጸት ነው፤ ሊከበር ይገባል። ግን በደንብ ይታይ። ገበሬው በምን ሠራው ኃጢአት ነው ከዕዳው ግማሹ ሊጻፍበት የታሰበው? ምሎ የከዳ ገበሬ አልነበረም። ያደመ ገበሬ አልነበረም።

ከጎጃም ጥፋት እስከ መተማ የነበረው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። በሞት አልጋ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የሸሸጉትን ልጅ አመኑ። ለልጁ ስም ተሰጠው፣ አልጋ ተናዘዙለት። ለተቃጠለው ጎጃም ግን ኑዛዜ አልወጣም። ከሁለቱ መካከል አባት አልባ ሆኖ የቀረው ማን ነው?

▪️ የራስ ኃይሉ ጥፋት ከእናታቸው አልመጣም

አሁን ወደ ራስ ኃይሉ እንመለስ። እሳቸውን መውቀስ ለሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያት አለ፤ እናታቸው ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ የለችበትም።

ራስ ኃይሉ ከዘመናቸው መኳንንት የሚለዩት ገንዘብን በማወቃቸው ነው። ሌሎቹ ግብርን በማር፣ በእህልና በጉልበት ሲቀበሉ፣ እሳቸው በጠገራ ብር እንዲከፈል ወደ ማድረጉ ሄዱ። ሹመት በገንዘብ ይሸጡ እንደነበር ይወሳል። ከጎጃም የተሰበሰበው ብር አዲስ አበባ ላይ ንብረትና ንግድ ሆነ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው አይተዋል። ዘመናዊ ሰው ነበሩ። ዘመናዊነታቸው ግን ለዳሞት ገበሬ የደረሰው በአንድ መልኩ ብቻ ነው፤ ጤፉን ገበያ አውጥቶ፣ በረከሰበት ቀን ሸጦ፣ ብር ይዞ መምጣት። በእህል የሚከፈል ግብር አዝመራው ሲበላሽ አብሮ ሊቀንስ ይችላል። በብር የተቆረጠ ግብር ግን በረዶም አንበጣም አያውቅም።

በዚህ የተነሳ የጎጃም ሰው አቤት ማለቱ አልቀረም። ራስ ኃይሉን ለዕድሜ ልክ እስር ያበቃቸው ግን የገበሬው አቤቱታ አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተብሎ ነው። ልጅ ኢያሱ የልጃቸው የሰብለ ወንጌል ባል ነበሩ። ማለትም ዘውዱ የተቆጣው ዘውድ በተነካ ጊዜ ነው። ንብረታቸው ተወረሰ። የተወረሰው ወደ ማን ገባ? ወደ ዘውዱ። ከዳሞትና ከአገው ምድር ጓዳ የወጣ ብር ከአንዱ መስፍን ሳጥን ወደ ሌላው ሳጥን ተዛወረ። ባለዕዳው ተለወጠ፤ ከፋዩ አልተለወጠም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ራስ ኃይሉ ለጣሊያን አደሩ። በ1933 ዓ.ም. አርበኛው ቡሬ ምሽግ ላይ ሲዋደቅ፣ እሳቸው ጎጃምን ለጣሊያን እንዲያረጋጉ ደብረ ማርቆስ መጥተው ነበር። በመጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ተቀብለው እጅ ነሱ። ከዚያም አዲስ አበባ በቁም እስር ኖረው በአልጋቸው ላይ አረፉ።

ይህ ክህደት ነው። ስሙን መደበቅ አያስፈልግም። ግን «ዲቃላ ስለሆኑ ከዱ» የሚለው ከየት መጣ? ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ በሥርዓት ያገቡ፣ ከአፄ ዮሐንስ ዘር የተወለዱ ነበሩ፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደተጀመረ ከጣሊያን ጋር ቆሙ። ከማንም ዙፋን ያልተወለደው በላይ ዘለቀ ደግሞ አምስቱን ዓመት ሙሉ በረሃ ኖረ። በ1937 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ለጣሊያን ያደረው መስፍን በአልጋው ሞተ፤ ያልገባው አርበኛ በገመድ። አጥንት ቆጣሪዎች ለዚህ ምን መልስ አላቸው? መልሱ በአጥንት ውስጥ የለም። መልሱ ማን የማይከሰስ፣ ማን የሚከፍል ተደርጎ እንደተፈጠረ በማየት ነው የሚገኘው።

▪️ ውዝፍ ያለበት ማን ነው?

የመጨረሻው ሂሳብ የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ጎጃም አልቀበልም አለ። ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ርስትነቱ እንዳይጠፋ ነው። በደጋ ዳሞት፣ በሞጣ፣ በቢቸና ገበሬው መሣሪያ አነሳ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ጭምር። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ጦሩ ወጣ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ታሪኩ በትምህርት ቤት ሲነገር «ንጉሠ ነገሥቱ ለጎጃም ሕዝብ ውዝፉን ማሩለት» ይባላል። ማሩለት! ቃሉ ይመርመር። ምሕረት የሚሰጠው ለበደለኛ ነው። የግሽ ማር፣ የእምባቦ ሬሳ፣ የ1881 ቃጠሎ፣ የራስ ኃይሉ ጠገራ ብር፣ በአውሮፕላን የተመታው መንደር፣ ይህ ሁሉ በአንድ በኩል ተጽፎ፣ የግብሩ ውዝፍ በሌላ በኩል ቢጻፍ ባለዕዳው የትኛው ሆኖ ይገኛል? ጎጃም ውዝፍ አልነበረበትም። ጎጃም ውዝፍ ነበረው። ያም ዕዳ እስከ ዛሬ የእኔ ነው ያለው የለም።

▪️ አውሮፓም ከዚህ አልተሻለም

ይህ የሐበሻ ኋላ ቀርነት የሚመስለው ካለ ወደ ቤልጅየም ይመልከት። ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ኮንጎን እንደ ግል ርስቱ ገዛ። ጎማ ያልሞላ ሰው እጁ ይቆረጥ ነበር። በ1908 እ.ኤ.አ. ግዛቱን ለቤልጅየም መንግሥት ሲያስረክብ፣ 110 ሚሊዮን ፍራንክ ዕዳ አብሮ አስረከበ። በዚያ ላይ ለኮንጎ ለከፈለው «መሥዋዕትነት» 50 ሚሊዮን ፍራንክ ምስጋና ተመደበለት፤ የሚወጣውም ከዚያችው ከኮንጎ ነው። በዚያው ዘመን የቤልጅየም ጋዜጦችን ያስጨነቀው ንጉሡ በስተርጅና ከአንዲት ወጣት ፈረንሳዊት የወለዳቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ነገር ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር የቤልጅየሙ ንጉሥ ፊሊፕ ለኮንጎ ፕሬዚዳንት «ጥልቅ ጸጸታቸውን» በደብዳቤ ላኩ፤ ካሳ ግን አልተከተለም። በዚያው ዓመት የቀድሞው ንጉሥ አልበርት 2ኛ ከጋብቻ ውጭ የወለዷት ዴልፊን፣ ከዓመታት ክርክርና ከዲ.ኤን.ኤ ምርመራ በኋላ በፍርድ ቤት ልዕልትነቷን አስከበረች። ልጅቷ ማሸነፏ ተገቢ ነው፤ እሰይ የሚያሰኝ ነው። ግን ልብ ይባል። ቤተ መንግሥት የካደውን ልጅ በምርመራ አረጋግጦ መቀበል ይችላል። የካደውን ዕዳ ግን በጸጸት ደብዳቤ ይሸኘዋል። ለዕዳ የዲ.ኤን.ኤ ምርመራ አልተሠራለትም።

▪️ «ዘመኑ ነው» ለሚሉ

ለዚህ ሁሉ የሚሰጡ መልሶች አሉ። አንዱ «ዘመኑ ነው፣ ሁሉም እንዲያ ነበር» የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ዘመኑ ለልጆቻቸውም ይሥራ። ዘመኑ መስፍኑን ከዝርፊያ ነጻ ካወጣው፣ ልጁን ከዲቃላነት ለምን አያወጣውም? ለሚወዱት ሰው ዘመን፣ ለሚጠሉት ሰው አጥንት መጥራት ታሪክ አይደለም።

ሁለተኛው «ራስ ኃይሉ የጎጃምን ራስ ገዝነት ከሸዋ ማዕከል አስጠብቀዋል፤ እሳቸውን መንቀፍ ጎጃምን መንቀፍ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ከማዕከሉ ጋር ታግለዋል። ግን የታገሉት ግብሩን ማን ይብላው በሚለው ላይ ነው እንጂ ግብሩ ይቅር በሚለው ላይ አልነበረም። የጎጃም ክብር ከገዥው ሳጥን ጋር አንድ አይደለም። የጎጃም ክብር ደጋ ዳሞት ላይ ቀላዱን እንቢ ያለው ገበሬ ነው።

ሦስተኛው «ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፣ ግብር አብልተዋል፣ ቸር ነበሩ» ይላል። በሌላ ሰው በሬ ቸር መሆን ለማን ያቅታል?

▪️ ዛሬስ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የዳሞት ሽማግሌ ከጥንት ያውቀው የነበረውን ሕግ መጽሐፉ ዘግይቶ ጻፈው። «ዲቃላ» የሚለው ቃል በሕግ ሞቷል። በምላስ ግን ይኖራል፤ በሰፈር ልጅ ላይም በታሪክ ሰው ላይም። አባቱን ሳያውቅ ያደገ የፍኖተ ሰላም ተማሪ ስልኩን ከፍቶ «ዲቃላ ስለሆነ ከዳ» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ ስለ ራስ ኃይሉ ብቻ የተጻፈ አይመስለውም። ስለ እሱም የተጻፈ ይመስለዋል። ትክክልም ነው።

ለዕዳ ግን እስካሁን አንቀጽ 36 አልተጻፈለትም። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ፣ መንበር ላይ የተቀመጠም ጫካ የገባም፣ በገበሬው ስም ዛሬም ይማማላል፣ በገበሬው ስም ይዋጋል፣ ሂሳቡንም በገበሬው በር ላይ ጥሎ ይሄዳል። ነገ ደግሞ የልጅ ልጆቹ ተነስተው የአንዱን መሪ እናት ከሌላው መሪ እናት ያወዳድራሉ። ሂሳቡን የሚያነሳው ማን ነው?

«የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል። በጎጃም የሆነው ከዚህም የከፋ ነበር። የአባትን ሹመት የአባት ልጅ ወረሰ፤ የአባትን ዕዳ የሰው ልጅ ከፈለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «የራስ ኃይሉ እናት ማን ነበሩ?» የሚል ክርክር ሲነሳ መልሱ አጭር ይሁን። እናታቸው እናት ነበሩ። አሁን ደብተሩ ይምጣ።